ለስድስት መቶ ሰው የተላከ የጸሎት ርዕስ

ኦቦ ዋቅቶላ እንደሚሉት ነገሩ አጭር ነው። የአሥራ አራት ዓመቷ መቲ ከአንድ የባኮ ጎረምሳ ጋር በቴሌግራም ተዋወቀች፣ ለመደችው፣ በመጨረሻም ሊታይ የማይገባ ፎቶ ላከችለት።

መቲ እንደምትለው ግን ምንም አልላከችም። የተዋወቀችው «እህት ሩት» ከምትባል የጸሎት ሰው ጋር ነበር። እህት ሩት ውላ አድራ ፎቶ መለመን ጀመረች። መቲ እምቢ ስትል አንድ ወንድ ደውሎ «መናኸሪያ መጥተሽ ካላገኘሽኝ ለዘማሪዎቹ የምልከው ፎቶ አለኝ» አላት። አልሄደችም። በሦስተኛው ቀን ፎቶው የመዘምራኑ ሰብሳቢ ኦቦ ዋቅቶላ ስልክ ላይ ደረሰ።

ቅዳሜ ከሰዓት ኦቦ ዋቅቶላ የመቲ ወላጆች ቤት መጥተው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። መቲ የጓዳውን በር ተደግፋ ቆማለች።

«ለልጅቷ ብዬ ነው» አሉ። «ለጊዜው ከመዘምራኑ ትቅር። ስልኩ ይወሰድ፣ ነገሩም እዚሁ ይቀበር። ወሬ እንደሆነ ጎጆ ከተማ ለመድረስ እንደ እኛ መኪና አይጠብቅም።»

«ስልኩን እኔው በመዶሻ እገላግለዋለሁ» አለ አባቷ ተሬፋ።

«ስልኩ ምን አደረገህ?» አለች እናቷ ሃቦኔ። «መዶሻውን ለሰውየው አቆየው።»

ኦቦ ዋቅቶላ ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል በሳል ሸፈኑት።

ሃቦኔ ወደ ልጇ ዞረች። «መቲ፣ ስልክሽን ልየው? አልቀማሽም።»

መቲ ከፍታ ሰጠቻት።

«እስከዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስልኩን ትወስጂብኛለሽ፣ አባባ ይቆጣል፣ ከመዝሙር ታስቀሩኛላችሁ ብዬ ነዋ፣ ሃርሜ» አለቻት እናቷን።

ሦስቱም በዚሁ ሳሎን ገና አሁን ተብለዋል። ተሬፋ ዓይኑን ወደ ምንጣፉ ጣለ።

ሃቦኔ መልእክቶቹን ወደ ኋላ እየሳበች የመጀመሪያው ላይ ደረሰች። «መቲዬ፣ ስለ አንቺ ተገልጦልኛል። የስምንተኛ ክፍል ፈተና አስፈርቶሻል። ሒሳብ እያሰብሽ ከእንቅልፍሽ ትባንኛለሽ። አይዞሽ።»

«ይህን ከቤታችን ሰው በቀር ማን ያውቃል?» አለች መቲ። «እውነት ተገልጦላት መሰለኝ።»

ሃቦኔ ቃላቱን አወቀቻቸው። የራሷ ነበሩ። ከወር በፊት በምእመናኑ የቴሌግራም ቡድን «ስለ ልጄ ጸልዩልኝ» ብላ የጻፈቻቸው ናቸው። ፍርሃቷንም፣ መባነኗንም፣ «ደውላችሁ አበረታቱልኝ» ብላ የመቲን ስልክ ቁጥርም፣ በመዘምራን ልብስ ያነሳቻትን ፎቶም አንድ ላይ ነበር የላከችው። ቡድኑ ውስጥ ስድስት መቶ ሰው አለ፤ ግማሹን መንገድ ላይ ብታገኘው አታውቀውም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠርታለች። የማንንም ሕመም ለባሏ እንኳ ተናግራ አታውቅም።

«ኦቦ ዋቅቶላ፣ ያንን ፎቶ ያውጡት።»

«ልጅቷ ባለችበት?»

«የሷ ነው ተብሎ የለ እንዴ?»

አወጡት። ሃቦኔ ከአንገት በታች ያለውን በአውራ ጣቷ ሸፍና የራሷን ስልክ አጠገቡ አስቀመጠች። ያው ፈገግታ፣ ያው ሹሩባ ነው። በሁለቱም የግራ ጆሮዋ ላይ ጉትቻ የለም፤ ፎቶውን የተነሳች ዕለት ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ ጠፍቶባት አልቅሳ ነበር።

«ፊቷን የቆረጠው ከእኔ ፎቶ ነው» አለች። «ሌላው የማን እንደሆነ እሱ ይወቀው።»

ኦቦ ዋቅቶላ መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔም ሳላጣራ ለሁለት ሽማግሌዎች አሳይቻለሁ» አሉ። «መቲ፣ ይቅር በዪኝ።»

«እንግዲህ ሁሉንም እናጥፋውና እንረፍ» አለ ተሬፋ።

«አንዲት መልእክት አትጠፋም። እንዲጠፋለት የሚፈልገው እሱ ነው።»

«እህት ሃቦኔ» አሉ ኦቦ ዋቅቶላ፣ «ይህ ከወጣ ሰው የሚያማው አንቺን ነው። እናቷ ናት ያጋለጠቻት ይላል።»

«ይበል። እውነቱን ነው።»

መቲ ከበሩ ለቅቃ እናቷ ጎን መጥታ ቆመች። ሃቦኔ ስልኩን መለሰችላትና ተነሣች።

«ነገ በምስክርነት ሰዓት መድረክ ወጥቼ የልጄን ሚስጥር የበተንኩት እኔ ነኝ እላለሁ። እርስዎም ያሳዩአቸውን ሰዎች እዚያው ያርሟቸዋል። መቲ በቦታዋ ቆማ ትዘምራለች። ሰኞ ጠዋት ደግሞ መልእክቶቹን ይዘን ሁለታችን ፖሊስ ጣቢያ እንሄዳለን፤ ስልኩን የምትይዘው እሷ ናት።»