የአይነቃነቄ ክሬን

በያጁን ሰፈሩ በሙሉ «አይነቃነቄ» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት አንድ ደንበኛ ነው። ሰውዬው በር አሠርቶ ወስዶ ከዓመት በኋላ ቤቱን ሲያድስ በሩን መንቀል አቃተውና ግድግዳውን ለማፍረስ ተገደደ። ሊሳደብ መጥቶ በያጁን ሲያየው ሳቁ አመለጠውና «አንተስ አይነቃነቄ ነህ» ብሎት ሄደ። በያጁ ይህን እንደ ስድብ አልቆጠረውም፤ እንዲያውም ደረቱን ነፋ። ሠላሳ ዓመት ከብረት ጋር ሲኖር አንድ መጋጠሚያ ላልቶበት፣ አንድ መስኮት ተንቀጥቅጦበት አያውቅም። በዚህ ዓለም የሚኮራበት ነገር ቢኖር ይሄ ነው፤ ሌላ ብዙም የለው።

የሚያፍርበት ነገርም አንድ ነው። አባታቸው ሲሞት ታናሽ እህቱ ገና የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። እናታቸው ገበያ ላይ አትክልት እየሸጠች፣ እሱ እየበየደ አሳደጓት። ልጅቷ ሁለተኛ ደረጃን እንደጨረሰች የፊልም ትምህርት ቤት ማመልከቻ ይዛ፣ ፊቷ እየበራ ወደ ወርክሾፑ መጣች። ሁለት ደንበኞች አጠገቡ ቆመው ነበር። የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ ወረቀቱን አነበበና ሳቀ። «ፊልም ሆድ ይሞላል እንዴ? ይልቅ አስተማሪ ሁኚ» አላት። ደንበኞቹም አብረው ሳቁ። ልጅቷ የጥቁር አውራ ጣቱ አሻራ ያረፈበትን ወረቀት አጣጥፋ ይዛ ወጣች።

አስተማሪም ሆነች። እንዳኮረፈች እንኳ አይባልም፤ እሑድ እሑድ ትመጣለች፣ ትስመዋለች፣ አብራ ምሳ ትበላለች። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥር ዓመት ሙሉ አንድም ነገር ጠይቃው አታውቅም። ቤት ስትከራይ የመስኮቷን ፍርግርግ ያሠራችው በሌላ በያጅ ነው። እሱ አንድ ቀን በዚያ ሲያልፍ አየው። ብየዳው ማኘክ ያስጠላው ልጅ የለጠፈው ማስቲካ ይመስላል። ያን ቀን ምሳ አልበላም። «ጋሼ፣ እስቲ ይሄን ሥራልኝ» የምትለውን ቀን እየጠበቀ ነው የሚኖረው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የእህቱ ባልደረባ የስፖርት አስተማሪው ወርክሾፑ በር ላይ ቆመ። ቁመቱ ረጅም፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ የማይጠፋ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ቲቸር» የሚለው ወጣት ነው።

«ጋሼ፣ የማይፈልጉት ቱቦ ይኖርዎታል?»

«ለምን?»

«ለክሬን።»

በያጁ መዶሻውን አስቀመጠ። ቲቸር ከፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ በእርሳስ የሣለውን ንድፍ ዘረጋለት። እህቱ ቅዳሜና እሑድ ከአስተማሪዎችና ከተማሪዎች ጋር ፊልም መሥራት ከጀመረች ሰባት ወር አልፏታል። የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት መንገድ ሊወጣበት ነውና ይፈርሳል። የሚመጣው ሳምንት ዓርብ የመጨረሻው ቀን ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ደወል ሲደወል ልጆቹ ሁሉ ለመጨረሻ ጊዜ ግቢውን ያቋርጡና በበሩ ይወጣሉ። ካሜራው ከእግራቸው ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደ ላይ እየወጣ ባዶ የቀረውን ግቢ ማሳየት አለበት። ፊልሙ የሚያልቀው በዚያ ነው። የክሬን ኪራይ ደግሞ የወር ደሞዟን ውጦ ውሃ የሚጠጣበት ነው።

«እሷ ናት የላከችህ?» አለ በያጁ፤ ድምፁ ቀጥኖ።

«ኧረ አታውቅም። ብነግራት ‹ተወው› ነው የምትለኝ። መሰላል ላይ ወጥታ ልትቀርጽ አስባለች።»

በያጁ ያቺን «ተወው» ዋጣት። መራራ ነበረች። ከዚያ ንድፉን ግድግዳው ላይ ለጠፈና የተቀጠረበትን የደጅ በር ወደ ጎን ገፋው።

የመጀመሪያው ክሬን የሦስት ቀን ሥራ ነበር። በያጁ ከሚያውቀው ብረት፣ ማለትም ከደጅ በር ብረት፣ አራት ሜትር ክንድ ሠራ። ሁለት ሆነው ሊያነሱት ሞክረው አቃታቸው። ቲቸር ላቡን እየጠረገ «ጋሼ፣ ይሄ ካሜራውን ሳይሆን ትምህርት ቤቱን ነው የሚያነሳው» አለ። በያጁ ክንዱን ቆራርጦ ጣለው።

ሁለተኛውን ለወንበር እግር ከሚሆን ስስ ቱቦላሬ ሠራው። ቲቸር ምስጢሩን ደጋግሞ አስረዳው፦ ክንዱ አንድ ቱቦ ሳይሆን አንዱ ከሌላው በላይ የሚሄዱ ሁለት ቱቦዎች ነው። ሁለቱም ከኋላ በምሰሶው ላይ፣ ከፊት ደግሞ ካሜራው በሚቀመጥበት ሳህን ላይ በብሎን ይታሰራሉ። አራቱ ብሎኖች እንደ ልብ ሲዞሩ ክንዱ የቱንም ያህል ከፍ ቢል ካሜራው አንገቱን ሳይሰብር ፊት ለፊቱን እያየ ይወጣል። በያጁ ራሱን ነቀነቀ። በልቡ ግን የሚዞር መጋጠሚያ ነገር አልተዋጠለትም።

ችግር የሆነው ሚዛኑ ነው። ቲቸር ከስፖርት ክፍል ክብደት የሚያነሱባቸውን ክብ ብረቶች አመጣና ከክንዱ ጭራ ላይ ሰቀሉ። በካሜራው በኩል ይከብዳል። ጨመሩ። አሁንም ይከብዳል። እንደገና ሲጨምሩ ምሰሶው ማቃሰት ጀመረ። ወርክሾፑ ጀርባ ካለው ቤት እናታቸው ድምፁን ሰምታ ወጣች። ወገቧ ከጎበጠ ወዲህ ገበያ መዋሏን ትታለች፤ አመሏ ግን እዚያው ገበያ ላይ ነው ያለው። ቆማ ትንሽ አየቻቸውና «እናንተ ልጆች፣ ለምን ብረቱን ታሰቃዩታላችሁ?» አለች።

«አልመዝን ብሎን ነው፣ እማዬ።»

«ሠላሳ ዓመት በሚዛን ሽንኩርት ሸጬ ያሳደግኩህ ልጅ ይሄን አታውቅም? ክብደቱን አትጨምረው። አርቀው።»

ጭራውን ግማሽ ሜትር አስረዘሙት። ከሰቀሏቸው ብረቶች ግማሹን አወረዱ። አራት ሜትር ክንድ በአንድ ጣት ተነሣ፣ በአንድ ጣት ወረደ። እናታቸው «ለዚህ ነው ኮሌጅ የገባኸው?» አለችው ቲቸርን፤ ሄዳም ተኛች።

ረቡዕ ዕለት ቲቸር እህትየዋን ምንም ሳይነግር አመጣት። ክሬኑን ስታይ ቆም አለች። ከዚያ ዞራው ዳሰሰችው፣ ስልኳን ሳህኑ ላይ አስራ ወደ ላይ አነሣችው፣ አወረደችው። በያጁ ፊቷን እንደ ተፈታኝ ይከታተል ነበር። ምስሉን ተመለከተችና «በጣም ጥሩ ነው። ከፊት በኩል ትንሽ ይወዛወዛል እንጂ ችግር የለውም። አመሰግናለሁ» አለች፤ ልክ ባንክ ቤት ውስጥ እንደምትናገር። ከዚያ ክፍል አለብኝ ብላ ሄደች።

በያጁ ከዚያ ሁሉ ንግግር የሰማው አንዲት ቃል ብቻ ነው፤ ይወዛወዛል። የአይነቃነቄ እጅ የነካው ነገር ይወዛወዛል። ሐሙስ ጠዋት ወርክሾፑን ከፍቶ ሌላ ሥራ ሳይነካ ወደ ክሬኑ ሄደ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ከፊት ያሉትን የሁለቱን ብሎኖች ዳዶዎች እንዳይላሉ ነጥብ፣ ነጥብ አድርጎ ሊበይዳቸው ነው። እጁ ግን ሠላሳ ዓመት የለመደውን ነው የሚያውቀው። ነጥቧ ክብ ሆነች፤ ክቧ ዳዶውን፣ ከሥሩ ያለችውን ሮንዴላ፣ ብሎኑንና ሳህኑን አንድ ላይ አጣበቀች። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ከዚያ አምሮበት እንዲሄድ ጥቁር ቀለም ቀባው። ቀለሙ እርጥብ ስለሆነ አልሞከረውም።

ዓርብ ከአምስት ሰዓት በኋላ በአንድ ዘመዱ ፒካፕ ጭኖት ትምህርት ቤቱ ግቢ ደረሰ። እህቱ ካሜራውን ይዛ ትጠብቅ ነበር። ምሰሶውን አቆሙ፣ ክንዱን ሰኩ፣ ክብደቱን ሰቀሉ፣ ካሜራውን አሰሩ። ቲቸር ጭራውን ወደ ታች ሳበ።

ክንዱ ንቅንቅ አላለም።

ደግሞ ሳበው። እህትየዋ ወደ ፊት ሄዳ መጋጠሚያውን አየችና እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ተበይዷል» አለች ቀስ ብላ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። የእሱ ግን እየሮጠ የበየደው ቆሞም አልፈታ አለ። በያጁ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ወደደ። አሥር ዓመት የጠበቃት አንዲት ዕድል መጥታ፣ እሱ ራሱ በገዛ እጁ ቆልፎባታል። እህቱ አልተቆጣችም። «ምንም አይደል፣ መሰላሉን አመጣለሁ» አለች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

«ስንት ደቂቃ አለን?» አለ።

«ሠላሳ» አለ ቲቸር። «ደወሉ በእኔ እጅ ነው፣ ሰዓቱ ግን በትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር።»

የኤሌክትሪክ መቁረጫው ወርክሾፕ ቀርቷል። ቢኖርም ግቢው ውስጥ ከሳምንት በፊት መብራት ተቆርጧል። በያጁ ከፒካፑ የእጅ የብረት መጋዝ አወጣ፣ ተንበረከከ፣ የመጀመሪያውን ብሎን መገዝገዝ ጀመረ። እህቱ ሳህኑን እንዳይንቀጠቀጥ ይዛለት፣ ከትንሽ ቆርቆሮ ዘይት ጠብ ታደርግለት ነበር። የራሱ ብየዳ እንዲህ ጠንካራ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቀው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ የእሱንም ብየዳ ጨምሩበት።

የመጀመሪያው ብሎን ሲቆረጥ አሥራ ሁለት ደቂቃ ሄዷል። ከኪሱ አዲስ ብሎን አውጥቶ ሰካና ወደ ሁለተኛው ዞረ። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ይገባል።

«ሚጣ» አላት፤ ልጅ ሳለች የሚጠራት እንዲህ ነበር። ዓይኑን ከመጋዙ አላነሣም። «ያን ጊዜ ወረቀቱን ይዘሽ ስትመጪ ያልኩሽ ነገር ጥፋት ነው። መከልከሌ ጥፋት ነው፤ መሳቄ ግን ይብሳል።»

እሷ ዘይት ጠብ አደረገች። 

«ፈርቼ ነው። ትራቢያለሽ ብዬ ፈራሁ። ሰው ፊት ፈራሁ ማለት ሲያሳፍረኝ ሳቅኩ።»

«አሥር ዓመት፣ ጋሼ።»

«አሥር ዓመት» አለ እሱም።

ቀና ብሎ አያት። እያለቀሰች ነበር፤ ሳህኑን የያዙ እጆቿን ስላልለቀቀች እንባዋን የሚጠርግላት አልነበረም። የእሱም ዓይን እንባ አቀረረ። እጁም ቆመ።

«አልቅስ፣ ግን መጋዙን አታቁም» አለችው። «ስምንት ደቂቃ ነው የቀረን።»

ገዘገዘ። ሁለተኛው ብሎን ሲቆረጥ ዳይሬክተሯ ከቢሮዋ ወጥታ ሰዓቷን እያየች ነበር። አዲሱን ብሎን ሰካ፣ ሮንዴላ አደረገበት። ዳዶውን በቁልፍ አጠበቀ፤ ከዚያ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያጠበቀውን ዳዶ መልሶ ሩብ ዙር አላላው። እህቱ ካሜራውን ከፈተች። ቲቸር ወደ ደወሉ ሮጠ። ስለዚህ ጭራውን የሚይዝ ከበያጁ በቀር ሰው አልነበረም።

«ቀስ ብለህ» አለችው። «እጄን ሳነሣ ጀምር። አትቸኩል።»

ደወሉ ተደወለ። ልጆቹ ከየክፍሉ ፈሰሱ። ጫማ፣ ጉልበት፣ ቦርሳ በካሜራው ፊት አለፈ። እህቱ እጇን አነሣች። በያጁ ጭራውን ቀስ ብሎ ወደ ታች ሳበ፤ ክንዱ ያለ ድምፅ ከልጆቹ ትከሻ በላይ፣ ከጭንቅላታቸው በላይ፣ ከመስኮቶቹ በላይ ወጣ። ከፊት በኩል ትንሽ ይወዛወዝ ነበር። የመጨረሻዋ ልጅ በበሩ እስክትወጣ፣ ግቢው አቧራውን ብቻ ይዞ እስኪቀር ድረስ እስትንፋሱን ዋጥ አድርጎ ያዘው።

ክንዱ ሲወርድ እህቱ በካሜራው ትንሽ ስክሪን ላይ ምስሉን ሦስት ጊዜ አየች። ቲቸርና ሌሎቹ አስተማሪዎች ከበቧት፣ ይጯጯሃሉ፣ ይሳሳቃሉ። በያጁ ራቅ ብሎ የተቆረጡትን ብሎኖች እየለቀመ ወደ ዕቃ ሳጥኑ ይከት ነበር። አሁን ትመጣና «አመሰግናለሁ» ትለኛለች ብሎ ፈራ። የባንክ ቤቷን «አመሰግናለሁ» ዛሬ የሚችል ልብ አልነበረውም።

መጣች። ክንዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየችው።

«ጋሼ፣ አጭር ነው።»

«ምኑ?»

«ክንዱ ነዋ። ጣሪያውን ላልፍ ስል አለቀብኝ። ለሚቀጥለው ፊልም አንድ ሜትር ትጨምርልኛለህ። ከሥሩም ጎማ ያስፈልገዋል፤ ይሄን ሁሉ እየተሸከምን አንሄድም። ደግሞ ጥቁር ቀለም ምን አስቀባህ? ፀሐይ ላይ እጄን ፈጀኝ እኮ።»

በያጁ ሜትሩን ከኪሱ አወጣና ክንዱን መለካት ጀመረ፤ ራሱ የቆረጠውን፣ ርዝመቱን በቃሉ የሚያውቀውን ክንድ። ለካና ደግሞ ለካ።

«መቼ ይደርስልኛል?» አለችው።

ለማንም ደንበኛ ቢሆን ሁለት ሳምንት ነው የሚለው።

«ሰኞ ነይ» አላት።