በየበሩ ላይ ቀይ ክብ

ፀጋ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሠሪ ናት። ከዲላ መናኸሪያ ወደ ላይ በሚወስደው የኮብልስቶን መንገድ ግራና ቀኝ ካሉት ሱቆች የአብዛኞቹን ስም የጻፈችው እሷ ናት። አሠራሯ አይለወጥም። በሩን ለክታ ስትጨርስ ጠርዙ ላይ በቀይ ጠመኔ ትንሽ ክብ ትሠራና ከክቡ ወደ ታች ጭራ ታወጣለታለች። «ተለክቷል» ማለት ነው። ሰሌዳው ሲሰቀል በእርጥብ ጨርቅ ትጠርገዋለች። ከእሷና የሰሌዳውን ፍሬም ከሚበይድላት ከዳምጠው በቀር ይህን ልብ ያለ ሰው የለም።

ያን ሰሞን ግን ሰሌዳ የሚያሠራ ጠፋ። ዋናው መንገድ ተዘግቷል፤ ኔትወርክ የለም፤ ትምህርት ቤቱም ልጆቹን ወደየቤታቸው ሰዷል። ባሏ ሲራክ ወርቃ በሚባል ቦታ ወዳለው ቡና ማጠቢያ ለሥራ እንደሄደ ቀርቷል፤ በሕይወት ይኑር አይኑር የሚነግራት አላገኘችም። ከተማው በወሬ ይተኛል፣ በወሬ ይነሳል። ሱቅ ተቃጠለ ይባላል፤ የት እንደተቃጠለ ግን ተናጋሪው ራሱ አያውቅም።

በእጇ የቀረው ሥራ በጌዴኦ ቋንቋ፣ በጌዴኡፋ፣ ለሚዘጋጅ የልጆች መጽሐፍ የምትሥለው ሥዕል ብቻ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሱቋ ውስጥ ተቀምጣ በእንሰት መሀል የቆመች ሴት ትሥላለች። የስድስት ዓመቷ ሉሲ ክርኗ ሥር ናት።

«እማ፣ ይቺ ሴትዮ ለምን እግር የላትም?»

«ገና ነው።»

«እኔ ልሥራላት?»

«ተይ አልኩሽ!» እጇ ስቶ መስመሩ ተበላሸ። «ሂጂ ደጅ ተጫወቺ። የምለካው በር ባገኝ እኮ እንዲህ አልቆጣም ነበር!»

ልጅቷ ወጣች። ፀጋ የእንሰቱን ቅጠል ጅማት አንድ በአንድ ስታወጣ ጊዜውን አላወቀችውም። ከሥራዋ ያባነናት የብረት መዝጊያ ድምፅ ነው። አንዱ ወረደ፤ ከዚያ ሌላው፤ ከዚያ መንገዱ ሙሉ።

ብድግ ብላ ወጣች። ሉሲ ደጁ ላይ የለችም። ባለግሮሰሪዋ ጎረቤቷ እትዬ ገበያነሽ ፍራሽ ባጃጅ ላይ ታስራለች።

«የሉሲ እናት፣ ምን ቆመሽ ታያለሽ? በራችን ላይ ምልክት አድርገውበታል! የሚያቃጥሉትን ለይተዋል። እኔ በውስጥ ለውስጥ ዱመርሶ ወዳለችው እህቴ ልሂድ፤ አንቺም ልጅሽን ያዢና ጥፊ!»

ፀጋ የእትዬ ገበያነሽን በር አየች። ቀይ ክብ፣ ከሥሩ ጭራ። የገዛ ምልክቷ ነው።  ምልክቴን ማን ወሰደው? በእኔ ስም ነው እንዴ የሚገድሉት?

ከዚያ ዓይኗ እንደለመደው መለካት ጀመረ። ክቡ ከቁልፉ በታች ነው፤ ከወገቧ አይበልጥም። ቀጣዩ በር ላይም እዚያው ከፍታ ላይ ነው። ደግሞም ጠመኔ አይደለም። ዳምጠው ብረቱ እንዳይዝግ የሚቀባው ቀይ አንቲረስት ነው፤ ከእሱ ቀለም በጣሳ ቀንሳ ከበሯ ጀርባ ታስቀምጥ ነበር።

ወደ ሱቋ ሮጠች። ሉሲ ከበሩ ጀርባ እጆቿን ወደ ኋላ ደብቃ ቆማለች።

«እጅሽን አሳዪኝ።»

ጣቶቿ እስከ መዳፏ ቀይ ናቸው። «እማ፣ የምትለኪው ብዙ በር አገኘሁልሽ» አለች።

ፀጋ በሩን ዘግታ ቀረቀረች። ልጅቷን ሳብ አድርጋ እጇን በቲነር መፈተግ ያዘች። ዝም ካልን ማንም አያውቅም። ይደርቃል፣ ይረሳል። ውጪ ግን ጩኸት ተነሳ፤ በበሩ ስንጥቅ አየች።

ዳምጠውን ይዘውታል። መለዋወጫ ሻጩ ደጀኔ አንገትጌውን ጨምድዷል፤ ሌሎቹ ዱላ ይዘው ከበዋል።

«እጁን እዩት! ቀለሙ ገና አልደረቀም!»

«ወንድሞቼ፣ አንቲረስት እኮ ነው፤ እንጀራዬ ነው!»

«አገርህ የት ነው አንተ? ማን ነው የላከህ?»

አንዱ በዱላ ጀርባውን መታው። ዳምጠው ቀና ሲል ዓይኑ አጠገቡ ባለው በር ክብ ላይ አረፈ፤ ከዚያ ወደ ፀጋ ሱቅ ዞረ። አወቀው። ፀጋ አሁን ስሜን ይጠራል ብላ ጠበቀች። ዳምጠው ግን ዓይኑን መለሰና ዝም አለ። ሁለተኛው ዱላ ሲያርፍበትም ዝም አለ።

መቀርቀሪያውን ሳበች።

«ልቀቁት! ያደረገችው ልጄ ናት!»

ደጀኔ ሳቀ። «ዛሬ ደግሞ ከተማ የሚያቃጥለው ሕፃን ሆነ? እህቴ፣ ለሰው ማዘን ደግ ነው፤ ግን በልጅሽ ነፍስ አትነግጂ።»

«ከፍታውን እዩት! ይሄ የትልቅ ሰው ቁመት ነው?»

«እንዳይታይ ጎንበስ ብሎ ነዋ!» አለ ከኋላ አንዱ።

«እሷ ከሆነች እዚሁ ታድርገው» አለ ደጀኔ። «በዓይናችን እንይ።»

ተከትላት የወጣችው ሉሲ በእናቷ ቀሚስ ውስጥ ተሸጎጠች። ፀጋ ተንበረከከች። ልጅቷ እምቢ ካለች ዳምጠው አለቀ፤ እናትና ልጅም ውሸታም ተብለው በዚህ ሕዝብ መሀል ይቀራሉ።

«ሉስዬ፣ በሩን እንዴት እንደለካሽልኝ አሳዪን።»

«ትቆጪኛለሽ።»

«አልቆጣም።»

«እኛንም ይመቱናል?»

ፀጋ የዱላዎቹን ጫፍ አየች። «እኔ አለሁ» አለች፤ ድምፅዋ ግን ተንቀጠቀጠ፤ ልጅቷም ሰማችው።

ሉሲ ጣቷን ዳምጠው እግር ሥር ከወደቀው የቀለም ጣሳው ነክራ ወደ ደጀኔ አረንጓዴ በር ሄደች። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። ክብ ሠራች፤ ወደ ግራ የጎበጠ ጭራ አወጣችለት። ከሌሎቹ በምንም አይለይም። አንድ ሰው ሳቅ ጀመረና ተወው።

«ይሄን ማን አስተማራት?» አለ ደጀኔ፤ የዳምጠውን አንገትጌ ገና አልለቀቀም።

«እኔን እያየች ነው። ሰሌዳህን ስሠራልህ እዚሁ በርህ ላይ አድርጌው ነበር፤ አንተ አላየኸውም።»

ደጀኔ ለቀቀው። «ሰው ልታስገድሉን ነበር እናንተ!» ብሎ ምራቁን እንትፍ አለ። ሰዉ እየተነጠለ ሄደ። ዳምጠው ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ። ይቅርታ ያለው የለም። እሱ ግን ሉሲን አይቶ፣ «ጭራውን ቀጥ አድርጊው፣ እናትሽ ጎባጣ አትወድም» አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ፀጋ በአንድ እጇ ቲነርና ጨርቅ፣ በሌላው ሉሲን ይዛ ከበር ወደ በር ሄደች። ያልሸሹት ባለሱቆች እስክትጨርስ ቆመው አዩዋት። የእትዬ ገበያነሽ በር ግን ተቆልፏል፤ ባጃጁ ከሄደ ቆይቷል። ቀለሙ እዚያ ደርቆ አልለቅ ስላላት በቢላ መፋቅ ጀመረች።

ጀንበሯ ልትጠልቅ ስትል አንድ ሰው የሴት ልጁን እጅ ይዞ ዳገቱን ወጣ። ከተቆለፈ በር ሥር ተንበርክካ ቢላ የያዘች ሴት፣ በሩ ላይ ደግሞ ቀይ ክብ አየ። ቆመ። ልጁን ብድግ አድርጎ ታቀፈና ፊቱን ወደ መጣበት አዞረ።

«ወንድሜ! ማስታወቂያ ሠሪዋ ነኝ! እያጠፋሁት እኮ ነው!»

ሰውየው መሮጥ ጀመረ።