ለአብይ የተበጠበጠ በሶ

እህል የተከለከለ ልጅ፣ ያውም በሁዳዴ፣ በምን ይኖራል?

እማማ አልጋነሽ ድንች በላጡ ቁጥር ይህን ራሳቸውን ይጠይቃሉ። ሐኪሙ ለዘጠኝ ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ለሰላም ስንዴና ገብሱን ለዘለቄታው፣ ጤፍና ሩዙን ደግሞ አንጀቷ እስኪያገግም ከልክሏታል። ሥጋና ወተቱን የከለከለችው ልጅቱ ራሷ ናት፤ «እኔም እንደናንተ እጾማለሁ» ብላ ድርቅ አለች። የቀራት ድንች፣ ጎመን፣ ምስርና ተምር ነው። ምስሩን ሦስት ጊዜ ይለቅሙታል። አንዲት የስንዴ ፍሬ ካገኙ ከመጀመሪያው ይጀምራሉ።

አብይ የሚመጣባቸውም ያኔ ነው። የሰላም ታላቅ፣ አገር ቤት በሦስት ዓመቱ የተቀበረው። እዚህ ዓረብ አገር፣ ጀራዲያ ሰፈር፣ ከጠባቧ ማድቤት በኩል፣ በሶው ትን ብሎት ሲያስል ይሰማቸዋል።

የሰላም እናት የሺሐረግ መላዝ በሚባለው ሰፈር በሰው ቤት ትሠራለች፤ የምትመጣው ዓርብ ዓርብ ነው። በዚያ ዓርብ ጥቂት ሴቶች ተሰብስበው፣ መጋረጃውን ዘግተው፣ በለሆሳስ የኪዳነምሕረትን ዝክር ዘከሩ። አባታችን ሆይ ተብሎ ድፎው ተቆረሰ። ማኅበሩን የምትመራው ሙሴ ተዋበች ለሰላምም ቁራሽ ዘረጋች።

«ተይ ልጄ፣ ሐኪም ከልክሏታል» አሉ እማማ አልጋነሽ።

«እማማ፣ እርስዎማ ድንች ሲልጡ ውለው ድንች ሊመስሉ ነው። በረከት ማንን ገደለ?» አለች ተዋበች።

ሴቶቹ ሳቁ። የሺሐረግ ቁራሹን ከተዋበች እጅ ተቀበለች።

«ኸላስ፣ በቃ እማዬ። አብይን የበላው ዓይን ነው ብለሽ የጻፍሽልኝ አንቺ ነሽ። ይቺንም የያዛት እሱ ነው። ለዓይን ደግሞ ከእመቤታችን ዝክር ወዲያ ምን መድኃኒት አለ? ያላ ሰላምዬ፣ አፍሽን ክፈቺ።»

ሰላም አያቷን አየች። ከማድቤቱ ያ ሳል መጣ።

«ዓይን አልነበረም» አሉ እማማ አልጋነሽ።

የሺሐረግ እጇ አየር ላይ ቀረ።

«የጤና ጣቢያዋ ነርስ ገብስና ስንዴ እንዳትሰጪው ብላኝ ነበር። እህል ያልቀመሰ ልጅ በምን ይጠናል ብዬ ጠዋት ጠዋት በሶ በጠበጥኩለት። ፊቱን ሲያዞርብኝ አፍንጫውን ይዤ ጋትኩት። ሆዱ ሲነፋ የጠገበ መሰለኝ። ኋላ ለአንቺ የምጽፈው ጠፋኝ… ዓይን ነው አልኩሽ።»

ተዋበች ነጠላዋን ወደ አፏ ሰበሰበች።

«እስከ መቼ ሰጠሽው?» አለች የሺሐረግ።

«እስከ መጨረሻው ቀን።»

የሺሐረግ ቁራሹን ከልጇ ከንፈር መለሰችና ትሪው ላይ አኖረችው። ጣቶቿን አንድ በአንድ በጨርቅ ጠረገች፤ ፍርፋሪ እንዳይቀር የሰላምን አገጭም ጠረገችላት። ከዚያ ተነሥታ አባያዋን ለበሰች።

«እማ፣ እስከ ማታ እቆያለሁ ብለሽኝ አልነበር?» አለች ሰላም።

«የሺ፣ ልጄ…» አሉ እማማ አልጋነሽ።

የሺሐረግ ወደ አንዳቸውም ሳትዞር በሩን ከፍታ ወጣች።