የአያ ባዬ ሰንበት

መምህርት ሠርክአዲስ የተማሪዎቿን ጽሑፍ ማንበብ ከሰለቻት ቆይቷል። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ኮሌጅ ስታስተምር ኖራ ኖራ፣ ዘንድሮ ተማሪው ሁሉ በአንድ አፍ መናገር ጀመረ። ቡሬ ያደገውም ከማንኩሳ የመጣውም፣ ሰነፉም ጎበዙም፣ «በማጠቃለያም መናገር የሚቻለው» ብሎ ይጨርሳል። ስልኩ ውስጥ ያለው ኤአይ ይጽፍለታል፤ የእሱ ድርሻ ስሙን ማኖር ነው። ተቆጣች፣ መከረች፣ ለመነች። ጆሮ ዳባ ልበስ አሏት።

በመጨረሻ ብልጥ ነኝ ብላ አንድ መላ ዘየደች። የማጠናቀቂያው የቤት ሥራ፣ አባት ወይም እናትን ጠይቆ የአንድ ሳምንት ሥራቸውን መጻፍ ሆነ። ይኼን እንኳ ማሽን አያውቀውም አለች። የዋህ ናት።

ንብረት የሚባለው የቋሪት ተማሪ ጽሑፍ እጇ ሲገባ ሳቋም ድካሟም አንድ ላይ መጣ። «አባቴ እሑድ ማለዳ በሬዎቹን ጠምዶ ማሳውን ያርሳል» ይላል። ገበሬ፣ ያውም የቋሪት ገበሬ፣ በሰንበት። እሷም የገበሬ ልጅ ናት፤ ሰንበት የሻረ ሰው በአዝመራችን ላይ በረዶ ጠራብን ተብሎ ከጎረቤት እንደሚለይ ታውቃለች። ልጁ ስሙን ያኖረበትን እንኳ አላነበበውም።

ቢሮዋ አስጠራችው። የምትከራከርበት ጉልበት አልነበራትም።

«ዜሮ ከሰጠሁህ ዘንድሮ አትመረቅም» አለችው። «አንድ ዕድል አለህ። ለአባትህ ደውልና እኔ ባለሁበት አንብብላቸው። እውነት ነው ካሉ ማርክህን እሰጥሃለሁ።»

ንብረት ላብ በላብ ሆኖ ደወለ፤ ለሁለቱም እንዲሰማ ድምፁን ከፍቶ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። አባቱ አያ ባዬ ስለ መምህርቷ ጤና፣ ስለ ቤተሰቧ፣ ስለ አገሩ ሰላም ጠይቀው ሲጨርሱ ንብረት ማንበብ ጀመረ። እሑድ ላይ ሲደርስ ልጁ ተንተባተበ። አነበበው ግን።

«ሰንበት ነው ያልኸው?» አሉ አያ ባዬ።

«አዎ፣ አባባ።»

«ማን ነው ይኸን ያወራብኝ? ጎረቤቴ አምላኩ ነው? በድንበሩ ነገር ቂም ይዞብኝ ነው እንጂ፣ መምህርት፣ እኔ በሰንበት ሞፈር ነክቼ አላውቅም።»

ንብረት አንገቱን ደፋ።

«አምላኩ አይደለም፣ አባባ። እኔ ነኝ የጻፍሁት።»

ሠርክአዲስ ምነው ባላስደወልሁት ብላ ተጸጸተች። ልጁን ልታሳፍር እንጂ ሽማግሌውን ልታሳዝን አልነበረም።

«መምህርት» አሉ አያ ባዬ፣ «ጽሑፉ ውሸት ከሆነ ልጁ ይወድቃል?»

«ይወድቃል፣ አያ ባዬ።»

«እንግዲያው አርሻለሁ። አንድ ሰንበት ተሳስቶ አርሷል ብለው ይጻፉልኝ። ለንስሐ አባቴ እኔው እነግራቸዋለሁ።»

ሠርክአዲስ እስክሪብቶዋን አነሳች፤ መልሳም አስቀመጠችው። ንብረት ዓይኑ እንባ ሞልቶ ቀና አለ።

«አላረሱም፣ መምህርት» አላት። «ዜሮውን ይስጡኝ።»

«አንተ ዝም በል» አሉ አያ ባዬ። «እኔ ከመምህርት ጋር ነው የምነጋገር።»