ደወሉን ማን ይደውል

ሐኪሙ የሚለውን ሁሉ ሰምተህ ሳትሸሽግ ንገረኝ ብዬ ባሌን ጋርዝን የላክሁት እኔው ነኝ። ተመልሶ፣ «ዕጢሽን በኃይለኛ ጨረር ያቃጥሉታል፤ በዐሥር ቀን ትድኛለሽ» አለኝ። አመንሁት።

በየጠዋቱ ከጎኔ ተራ የሚጠብቀው ዌንደል ለፕሮስቴት ካንሰር የሚታከም ገበሬ ነው። ፊኛው እንዲሞላ የታዘዘለትን ውሃ እየተጋተ ይቀናብኝ ነበር። «ለእኔ ሠላሳ ዘጠኝ ቀን ነው የፈረዱብኝ፤ አንቺ ምን ጉቦ ሰጥተሽ ነው?»

በዐሥረኛው ቀን ከማሽኑ ሥር ስነሳ፣ በየቀኑ የምታስተኛኝን ባለሙያ፣ «የኔ ለምን አጠረ?» አልኋት እየሳቅሁ።

«የእርስዎ ለማዳን አይደለማ! የአጥንት ሕመሙን ለማስታገስ ነው» አለችና ፊቴን ስታይ ደነገጠች። «ባለቤትዎ እኮ ነግሬያታለሁ ብለውን ነበር!»

ኮሪደሩ ላይ፣ ሕክምናውን የጨረሰ ሁሉ የሚደውለው ደወል አጠገብ፣ ጋርዝ በአንድ እጁ ኬክ በሌላው ስልኩን ይዞ ቆሟል። «በይ ደውዪ የኔ ጀግና፣ ልቅረፅሽ!» አለኝ። ዌንደል ሳይቀር ያጨበጭባል።

ስልኩን ነጠቅሁና የደወሉን ገመድ አስጨበጥሁት።

«አንተው ደውል! መርዶዬን ቀድመህ የሰማኸው አንተ ነህ።»