ባሌ ያጠበው ፀጉር

ወር ሙሉ አልጋ ላይ ከርሜ ስነሳ ጉንጬ ገብቶ፣ ቀሚሴ ሁሉ ሰፍቶኝ ነበር። በሽታው ያልወሰደብኝ ፀጉሬን ብቻ ነው። እሱም ትራስ ላይ ሲታሽ ከርሞ ተንጨባሯል፤ ግን አለ፤ ከርዳዳው፣ ወፍራሙ፣ ሲስቡት ትከሻዬን የሚያልፈው ፀጉሬ።

ባሌ ሊያስደስተኝ ብሎ "ዛሬ የማጥብሽ እኔ ነኝ" አለኝ። መኪና አጣቢ ነው፤ በሙያው አይታማም። ሳያፍታታ፣ ሳይከፋፍል፣ ሁሉንም አናቴ ላይ ሰብስቦ በሙቅ ውሃና በሳሙና አረፋ እስኪሞላ ፈተገው። እኔም ደስ ብሎኝ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። ቅንድብ አበጃለሁ ብሎ ዓይን ማጥፋት ማለት ይኸው ነው። ሲደርቅ ከኋላዬ እንደ ምንጣፍ የጠጠረ ጉብታ ወጣ። ማበጠሪያው ገብቶ ጥርሱን እዚያው ትቶ ተመለሰ።

ፀጉር ቤት የምትሠራው የባሌ እህት መጥታ ነካካችውና "ይቆረጥ፤ ይበቅላል" አለች። ይበቅላል! አፏ ላይ ቀላል ነው። እኔ ግን መስታወት ፊት ከማውቃት ሴት የቀረኝ ይህ ፀጉር ብቻ ነበር። አለቀስኩ።

ባሌ ሲጨንቀው እናቱን ጠራ። ይባስ! አማቴ ምላሳቸው ምላጭ ነው፤ ካገባሁ ጀምሮ እሸሻቸዋለሁ። ገና ከበር ጭንቅላቴን አይተው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"ምን ነካህ አንተ? ሰው ነው ያገባኸው ወይስ ሚኒባስ?"

ትራስ መሬት ላይ ጥለው፣ እሳቸው ሶፋው ላይ ሆነው ጉልበታቸው መሃል አስቀመጡኝ። ውሃና ቅባት ደባልቀው ጉብታውን አራሱት። ማበጠሪያ አልነኩም። በጣታቸው ከጫፉ ጀምረው፣ ጥቂት ጥቂት እየለዩ ወደ ሥሩ ወጡ። የተፈታው ተመልሶ እንዳይተበተብ ወዲያው ይጎነጉኑታል።

"ከደከመዎት ይቆረጥ" አልኳቸው።

"እንቁላልም ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል። አንቺ አንገትሽን ብቻ አቅኚ።" አንዱን ጉንጉን ጨርሰው "እንዲህ ያለ ፀጉር ይዘሽ ነው እኔን የምትሸሺው?" አሉኝ።

አፈርኩ፤ ደስም አለኝ።

ከታመምኩ ወዲህ የነካኝ ሰው ሁሉ ወይ መርፌ ይዟል ወይ እንዳልሰበርበት ፈርቷል። የእሳቸው እጆች አልፈሩኝም፤ አላሳመሙኝምም። ስንት ሌሊት የሸሸኝ እንቅልፍ ቁጭ ባልኩበት ይዞኝ ሄደ።

ስነቃ ፀሐይዋ ከመስኮቱ ዞራለች። ራሴ አማቴ ጭን ላይ ነው። ከኋላዬ ዳሰስኩ፤ ጉብታው የለም። ወፋፍራም ጉንጉኖች ትከሻዬ ላይ ወርደዋል፤ አንዱም አልተቆረጠም።

"አሁን ነው የጨረሱት?"

"ኧረ ምሳ ሳይደርስ ነው።"

"ታዲያ ምነው አልቀሰቀሱኝም?"

"እንቅልፍ የላትም ብሎኛል ልጄ። ደግሞ ማን ሊያስነሳሽ!"

ሊነሱ ሲሞክሩ አልቻሉም። ግማሽ ቀን ሳያንቀሳቅሱት እግራቸው ደንዝዟል። ባሌ ሊደግፋቸው ሲሮጥ ቀደምኩት፤ መሬት ላይ ተቀምጬ እግራቸውን ጭኔ ላይ አደረግሁና ማሸት ጀመርኩ።

"ተይ፣ አንቺ በሽተኛ፤ አሁን ይለቀኛል።"

"እግዜር ይስጥልኝ፣ እማዬ" አልኳቸው። እንዲያ ብያቸው አላውቅም ነበር። እግራቸውንም ደሙ እስኪመለስ ድረስ አልለቀቅሁም።