ምት ያልቻለው ብረት

«እሳቱ» ነው የሚሉት። ዕድሜውን ሙሉ ብረት ሲያግል ኖሮ የገዛ ስሙን የሚጠራው ሰው ጠፍቷል። መቼስ ሙያው ሙያ ነው! ለስላሳ ሆኖ የገባ ብረት ከእጁ ሲወጣ ሌላ ብረት ይቆርጣል። ምድጃ ውስጥ ያግለዋል፣ ዘይት ውስጥ ይነክረዋል፣ ቀጥሎ ነጭ ጉም በሚተፋ ፈሳሽ ናይትሮጅን ያበርደዋል፤ በመጨረሻ ደግሞ ለዘብ ባለ ሙቀት መልሶ ያሞቀዋል። ይህችን የመጨረሻዋን «ማስታገሻ» ይላታል። ከብርድ የወጣ ብረት ድርቅ ያለ ነው፣ ሞረድ አይነካውም፤ ምት ግን አይችልም። ሳይታገስ የተመታ ለት እንደ ብርጭቆ ይበተናል። ይህን እሱ ካላወቀ ማን ይወቅ?

ታዲያ ምን ነክቶት ዘለላት? ጥድፊያ ነዋ! ወፍራም ቆርቆሮ በማሽን እየመታ የሚበሳው የፕሬስ ቤት አለቃ መብሻው ብረት፣ ፓንቹ፣ አልቆበት በስልክ ቁም ስቅሉን ያሳየዋል፤ ሾፌሩ በር ላይ ቆሞ ጥሩንባ ይነፋል፤ የማስታገሻው ምድጃ ደግሞ በሌላ ደንበኛ ዕቃ ተሞልቷል፣ አይከፈት ነገር። ከብርዱ ያወጣውን በጥንካሬ መለኪያው አየው፤ ከታዘዘው በላይ ጠንክሯል። መለኪያው ስለ ጥንካሬ እንጂ ምት ስለ መቻል አይናገርም፤ ይህንንም አሳምሮ ያውቃል። ግን «እሳት ካየው ምን ለየው!» አለና ከነመጠባበቂያው ጠቅልሎ ሰጠ። ወጥ መሰለው እንዴ!

በማግስቱ አለቃው ደወለ።

«ፓንቹ ተፈረካከሰ። ጥፋቱ ካንተ ነው ከሠራተኛው?»

«ከእኔ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» አፉ ቀደመው።

«እንግዲያው አጣሞ ገጥሞት ነው። ስባሪው በመነጽሩ ጎን ገብቶ የግራ ዓይኑን አጠፋው። ሰውየው የእህትህ ባል ነው፤ አዝናለሁ።»

ስልኩ ገና በእሳቱ እጅ ነበር። ያን ጊዜ «በሐሰት ነው የማልኩት» ማለት ይችል ነበር፤ አላለም። የታናሽ እህቱ ባል! እዚያ ሥራ ያስገባው ራሱ፣ እህቱን «ከእሱ የተሻለ አታገኚም» ብሎ ያግባባ ራሱ። ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም ቢልም እህል አልወርድለት፣ እንቅልፍ አልወስደው አለ። ራሱን ጠላ።

ሰውየው ከሐኪም ቤት ሲወጣ ሊጠይቀው ሄደ። በሩን እህቱ ከፈተችለት፤ ፊቷ በለቅሶ አብጧል። ባሏ ትራስ ተደግፎ፣ ግማሽ ፊቱ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ እሱን ሲያይ ሊነሣ ተፍጨረጨረ።

«ኧረ ተው፣ አትነሣ! እግዜር ይማርህ።»

«ጋሼ፣ አሳፈርኩህ። በስንት ልፋት የሠራኸውን ብረት ሰበርኩት። ቀጥ አድርጌ የገጠምኩ ነበር የመሰለኝ እኮ።»

«ጭራሽ ጥፋተኛ ነህ ብለው ሊያባርሩት ነው» አለች እህቱ። «አለቃው አንተን ይሰማሃል። ጋሼ፣ አፈር ስሆን ለምንልን።»

ሰውየው ቢሰድበው፣ ቢተፋበት በወደደ! ይቅርታ ሲጠየቅ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠው ተመኘ።

«ቀጥ አድርገህ ነው የገጠምከው» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ሳላስታግስ የላክሁት እኔ ነኝ። ብረቱ ምት አይችልም ነበር። እያወቅሁ ነው።»

«እያወቅህ?» አለች እህቱ።

ባሏ ግን ከትራሱ ቀና አለ። «መጠባበቂያውስ? አብሮ አይደል የተላከው?»

«አብሮ ነው።»

«እሱም አልታገሰም?»

እሳቱ ክው አለ። ወይ ጉድ! ይህን ሁሉ ቀን በገዛ ኃፍረቱ ሲንገበገብ ያኛው ብረት ትዝም አላለው። ኪሱን እየዳበሰ ስልኩን አወጣ። አለቃው ሲያነሣ ከጀርባው የፕሬሱ ምት ይሰማል፤ ዱም፣ ዱም፣ ዱም።

«ማሽኑን አጥፋ!»

«ማነው? አይሰማም!»

«አጥፋው እልሃለሁ! ፓንቹ አልታገሰም፤ ይሰበራል! ያኛውም የተሰበረው በእኔ ነው፤ የማልኩልህ በሐሰት ነው! አጥፋው!»

አለቃው በሠራተኞቹ ላይ ሲጮህ ተሰማ። ምቱ ቆመ።

«የተጎዳ አለ?» አለ እሳቱ።

«የለም። ነገ እፈልግሃለሁ።» አለቃው ስልኩን ዘጋው።

እሳቱ «ተመስገን፣ ተመስገን» እያለ ዞረ። እህቱ ፊቷን በእጆቿ ሸፍናለች። ባሏ በቀረችው ዓይኑ ትክ ብሎ አየው።

«ብረቱን የላክህ ቀንም እኮ ስልክ ነበረህ፣ ጋሼ» አለው።